ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ሶኬት፦ የቢሮ ስልካችን ከ14 ወር በኋላ

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ነው። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ የሚደውሉት ከዓረብ አገር ነው። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው፤ ለመደወል የሚመቻቸው አሠሪ ሲተኛ ነው። ያኔ ስልካችን ካልተነሣ ሌላ ቢሮ ይደውላሉ። ስለዚህ አለቃዬን «የስልኩ ሰርቨር፣ ጥሪውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሁለት ይሁን» ብዬ ወተወትኳቸው። እሳቸውም በመጨረሻ «በቃ ግዛ፣ ገላገልከኝ» አሉ።

ሁለት ያገለገሉ ሰርቨሮች ገዛን። እያንዳንዳቸው ሁለት ፓወር ሰፕላይ (ከሶኬት መብራት ተቀብሎ ለሰርቨሩ የሚያቀርብ ክፍል) እና ሁለት ዲስክ አላቸው፤ አንዱ ዲስክ የሌላው ግልባጭ ነው። ጥሪዎቹን የሚያገናኘው ሶፍትዌር አስተሪስክ ነው፤ ከ1999 ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የሚገኝ። ኪፕአላይቭዲ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ሁለቱን ያስተሳስራቸዋል። ዋናው በየሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ለሦስት ሰከንድ ያህል ዝም ካለ ተጠባባቂው የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ስልኮቹ ሰርቨሩን በኔትወርክ የሚያገኙበትን ቁጥር፣ ተረክቦ ሥራ ይጀምራል። የተጀመረ ንግግር ይቋረጣል፤ ይህን ቀድሜ አውቄ ነው የገባሁበት። ያላወቅኩት ሌላውን ነው።

በሁለተኛው ወር መብራት ጠፋ። ጀነሬተራችን ለመነሣት አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል። በዚያች መሀል ሁለቱም ሰርቨሮች አብረው ድርግም አሉ። ክፍሉ ገብቼ ኬብሎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ተከተልኩ። አራቱም ፓወር ሰፕላዮች የተሰኩት አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ነው። ኤክስቴንሽኑ ደግሞ አንድ ዩፒኤስ ላይ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን ማለት ነው። ለአለቃዬ «ችግሩ ኤክስቴንሽኑ ነው» ስላቸው «የማን? የሒሳብ ክፍሉ?» አሉኝ። የውስጥ ስልኩንም የመብራት ማከፋፈያውንም በአንድ ስም ስንጠራ ይኸው። የሰካሁት ግን እኔው ነበርኩ።

ዩፒኤሱም ጉድ ሠርቶኛል። ፊቱ ላይ 100 ፐርሰንት ይላል፤ ጭነት ሲያርፍበት አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። የታሸገ የሊድ ባትሪ ሙቀት አይወድም። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል። የእኛ ደግሞ መስኮት የሌለው የድሮ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የተቀመጠው። አሁን ዩፒኤሶቹ ሁለት ናቸው። የየሰርቨሩ ግራ ፓወር ሰፕላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበት አንዱ ላይ፣ ቀኙ አረንጓዴ ተለጥፎበት ሌላው ላይ ተሰክቷል። ባትሪዎቹ ላይ የተገዙበትን ቀን በማርከር ጽፌያለሁ። በሩ ላይ ደግሞ ማራገቢያ አስገጠምኩ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ብልሽት የማይመስል ነገር ነው። አንድ ቀን ዋናውን ሆን ብዬ አጠፋሁት። ተጠባባቂው ወዲያው ተነሣ። ወደ ውጭ ደወልኩ፤ ይሠራል። ደስ ብሎኝ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ቢሮው ጭር ብሏል። ለካ ሠራተኞቹ መደወል ይችላሉ እንጂ አይደወልላቸውም! እያንዳንዱ ስልክ «እዚህ ነኝ» ብሎ ሰርቨሩ ላይ ይመዘገባል። ስልኮቻችን ይህን የሚያድሱት በ3600 ሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት አንዴ ነበር። አዲሱ ሰርቨር እስከዚያ የት እንዳሉ አያውቅም። ወደ 120 ሰከንድ አወረድኩት። አሁን ቢበዛ በሁለት ደቂቃ ሁሉም ይጠራል።

ዲስኩን ያዳኑት የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው። «ልጄ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ሳምንት ሆነው» አሉኝ። አንዱ ዲስክ ሞቶ ሰርቨሩ በቀረው ብቻ እየሠራ ነበር። በዚያ ሳምንት ሁለተኛው ቢሄድ የተቀዱ መልእክቶች ሁሉ አብረው ይሄዱ ነበር። ሰርቨሩን ሳላጠፋ ዲስኩን ነቅዬ ቀየርኩት፤ ግልባጩ እስኪሞላ ብዙ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ይደርሰኛል። እሳቸውም እስካሁን ጆሯቸውን በሩ ላይ ጣል አድርገው ነው የሚያልፉት።

ያልተፈታም አለ። የውጭ መስመራችን የሚገባው በአንድ ፋይበር ነው። መንገድ ሲቆፈር ተቆርጦ ሁለቱም ሰርቨሮች ጤነኛ ሆነው ሥራ ፈተው ዋሉ። ለጊዜው አንድ ልጅ ሁለት ሞባይል ይዞ ይቀመጣል፤ ቁጥሮቹን ለደንበኞች አስቀድመን ሰጥተናል።

«ሁለተኛ ሰርቨር እንግዛ ወይ?» ለምትሉኝ፦ ከአምስት ስልክ በታች ከሆናችሁ ይቅርባችሁ፤ አንድ ጥሩ ዕቃና አንድ መለዋወጫ ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁና በወር አንድ ጠዋት የሚሰጠው ሰው ካላችሁ ግዙ። ያ ሰው ከሌለ ግን ሁለተኛው ሰርቨር መብራት ይበላል እንጂ አያድናችሁም።

እኔ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዋናውን አጠፋለሁ። ባለፈው ተጠባባቂው በ4 ሰከንድ ተነሣ። አረንጓዴ ፕላስተር ካለባቸው ፓወር ሰፕላዮች የአንዱ ማራገቢያ ግን መንጫጫት ጀምሯል። መለዋወጫ አዝዣለሁ።