«በእጅ የተሸመነ፣ ለተጣሉ እንስሳት የሚውል» የሚባለውን የቦሄሚያን ቀሚስ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ሰሞኑን በቴሌግራም እየዞረ ስላለ አንድ ሽያጭ ነው። ማስታወቂያው «ቦሄሚያን ስታይል፣ መቶ ፐርሰንት የሀገር ጥጥ፣ በእጅ የተሸመነ፤ ከእያንዳንዱ ቀሚስ 10 በመቶው ከጎዳና ለተነሱ ውሾችና ድመቶች ይውላል» ይላል። እኔ ገዝቻለሁ። 9,500 ብር ከፍዬ የደረሰኝ ጨርቅ ጥጥም አይደለም፣ በእጅም አልተሸመነም። ብሩ ይሄድለታል የተባለውን መጠለያ ስሙን እንኳ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ከሁሉም የከፋው ግን ከቀሚሱ ጋር የመጣው ሻርፕ ዘርፍ ድመቴን ለሞት አድርሷት ነበር።

ለምን እንደተታለልኩ እንዲገባችሁ ስለ ቤቴ ትንሽ ልንገራችሁ። ከእኔና ከእናቴ ጋር አንድ ውሻና አንዲት ድመት ይኖራሉ። ቡላን ሳሪስ አካባቢ ሚኒባስ ገጭቶት ጥሎት ሲሄድ ነው ያነሳሁት፤ አሁን በሦስት እግሩ ደረጃውን ከእኔ ቀድሞ ይወጣል። ዳማን ደግሞ በክረምት ገርጂ ቦይ ውስጥ እየጮኸች አገኘኋት፤ ያኔ መዳፌ ላይ ነበር የምታድረው። እንስሳት ያሉበት ቤት የሚኖር ሰው ልብስ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚያስበው ቶሎ ይታጠባል ወይ፣ ጥፍር ቢይዘውስ ይተርፋል ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ የምለብሰው ሰፋ ያለ ወፍራም የጥጥ ቀሚስ፣ ላዩ ላይ ነጠላ ወይ ሻርፕ ነው። ልጆቹ «ቦሆ» የሚሉት አለባበስ ማለት ነው።

ስሙ ከሩቅ የመጣ ነው። ቦሄሚያ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ያለ ግዛት ነው፤ ፈረንሳዮች ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩትን የሮማ ሕዝቦች ከዚያ የመጡ መስሏቸው «ቦሄሚያን» አሏቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፓሪስ ውስጥ በድህነት የሚኖሩ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ስሙን ወረሱት። መልኩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ረጅም ሰፊ ቀሚስ፣ ጥልፍ፣ ዘርፍ፣ ጨሌ፣ የብር ጌጥ፤ ይህ ሁሉ አያቴ ሳጥን ውስጥ ነበረ። ሻጮቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። በአንድ በኩል የሸማ ፍቅራችንን፣ በሌላ በኩል ለእንስሳት ያለንን ርኅራኄ ነው የያዙት።

ማስታወቂያው ላይ አንድ ቡችላ አለ። ቀይ መሀረብ አንገቱ ላይ ታስሮለት ከቀሚሱ ጫፍ ሥር ተኝቷል። እውነቱን ልናገር፣ ብሩን ያስላከኝ እሱ ነው። ለግል የባንክ ሒሳብ ላኩ አሉ፣ ላክሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ውዴ፣ ኦንላይን ስለሆነ ደረሰኝ የለንም» አሉኝ። እዚያው ማቆም ነበረብኝ። በሦስተኛው ቀን የሞተር ልጅ አንድ ከረጢት አስረክቦኝ ሄደ። ውስጡ ቀሚሱ፣ ዘርፋም ሻርፕና አሸንክታብ የመሰለ የአንገት ጌጥ ነበሩበት።

ገና ስነካው ደስ አላለኝም። ጥጥ ከእጅ ሙቀት ጋር ይስማማል፤ ይሄ ይንሸራተታል። ቡላ መጥቶ ሲታከከኝ ፀጉሩ ቀሚሱ ላይ ተለጥፎ ቀረ፣ ባራግፈውም አልወርድ አለ፣ ጨርቁም ጠቅ ጠቅ አደረገኝ። እናቴ ለቡና ከሰል አቀጣጥላ ስለነበር ከቀሚሱ ውስጠኛ ስፌት አንድ ክር መዝዤ ፍሙ ላይ አስጠጋሁት። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ነዶ፣ የተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ፣ በጣት ሲነካ የሚበን ግራጫ አመድ ይተው ነበር። ይሄኛው ግን ሳይነድ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጣር ፍሬ አበጀ፤ ቤቱም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ። ፖሊስተር ነው። እናንተም ስትሞክሩ ክሩን ከጥለቱ ሳይሆን ከዋናው ጨርቅ ምዘዙ። ትክክለኛ ሸማ ላይም ቢሆን የጥለቱ ክር፣ በተለይ የሚያብለጨልጨው፣ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ስለሆነ ያሳስታችኋል።

በማግስቱ ቀሚሱን ይዤ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። እዚያ ከእናቴ ጊዜ ጀምሮ የምናውቃቸው ሸማኔ አሉ፤ በልጅነታቸው ከዶርዜ የመጡ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥለቱን በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ልጄ፣ ይሄን ማን ሸመነው አሉሽ?»

«በእጅ ነው ብለውኝ ነው አባባ።»

ጨርቁን ገለበጡት። «ጀርባውን እዪው እስቲ። እኔ ጥለት ስሠራ ክሩን ከድሩ ጋር አብሬ ነው የማስገባው፤ ብትገለብጪውም ክሩን ታገኚዋለሽ። ይሄ ግን ጀርባው ነጭ ነው። ቀለም ነው፤ የታተመ ነው።» ቀጥለውም የቀሚሱን ታች ዘርግተው ስፋቱን አሳዩኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው፣ መሀሉ ላይ ስፌት የለውም። «መወርወሪያ ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው ነው የሚሄደው» አሉና የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ሁለት ክንዳቸውን ዘረጉ። «የእኔ ሸማ ስፋቱ ይቺ ናት። ጋቢሽ መሀል ለመሀል የተሰፋው ለምን ይመስልሻል?»

ዕድሜ ልኬን ጋቢ ለብሼ ያን ስፌት አስቤው አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩልኝ፤ «በእጅ የተሸመነ» እና «በእጅ የተፈተለ» አንድ አይደለም። ዛሬ በእጅ የሚሸመነው አብዛኛው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ደግሞ ወይ የፋብሪካ ነው ወይ ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ፈትል። ፈትል ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ ወደ ብርሃን ስትይዙት አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ሳሳ ይላል። ዋጋው የሚወደደውም ለዚያ ነው። ሻጩ የቱን እንደሚሸጥላችሁ ለይቶ ካልነገራችሁ ጠይቁት። የፋብሪካ ጨርቅ መልበስ ነውር የለውም፣ እኔም እለብሳለሁ። የሚያናድደኝ የማሽን ኅትመትን በሸማኔ ዋጋ መሸጥ ነው። እኒያ ሰውዬ ሳምንት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው የሚያወጡት ጥለት በማተሚያ ተቀድቶ በስማቸው ይሸጣል፣ ለእሳቸው ግን ሳንቲም አይደርሳቸውም።

የአንገት ጌጡን «ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ» ነበር ያሉኝ። በፊት ጊዜ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ይቀልጥና መስቀልና ጌጥ ይሠራበት እንደነበር እውነት ነው፤ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ሳንቲም ነው። ብርን ግን ማግኔት አይስበውም። የእኔን ጌጥ የማቀዝቀዣው በር ላይ ካለችው ትንሽ ማግኔት ጋር ሳስጠጋው ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። ማግኔት ባይስበውም ግን ብር ነው ብላችሁ አትመኑ፤ መዳብና ነሐስንም አይስብም። አንገቴ በሁለት ቀን ቀልቶ ማሳከክ ጀመረ።

አሁን ወደ ዳማ ልምጣ፤ እንስሳት ያላችሁ ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ። ሻርፑን ወንበር ላይ ጥዬው ነበር። ዘርፉ ቀጭን የናይለን ክር ነው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ከሽንብራ የሚያንሱ የብረት ሻኩራዎች አሉት። ድመት እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታልፍም። ማክሰኞ ጧት የበላችውን አስመለሰች፣ ከሰዓት በኋላ ውሃም አልይዝ አላት፤ ማታ አልጋ ሥር ገብታ ስጠራትም አልወጣ አለች። አውጥቼ አፏን ከፈት ሳደርግ ምላሷ ሥር አንድ ቀጭን ክር ተጠምጥሞ ወደ ጉሮሮዋ ወርዷል። እናቴ «ሳቢው እንጂ!» አለች። እጄ ደርሶ ነበር። ስልክ ላይ የነበረው የእንስሳት ሐኪም ነው «እህቴ፣ በፈጠረሽ እንዳትስቢው» ብሎ ያስቆመኝ።

ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ። ክሩ በአንድ ጫፉ ምላስ ሥር ተይዞ በሌላው ወደ አንጀት ሲወርድ አንጀቱ ወደፊት ልግፋው ይላል፤ ክሩ ግን አይሄድም። ስለዚህ አንጀቱ ክሩ ላይ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ክሩን ብትስቡት እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ከኋላዋ ክር ወጥቶ ብታዩም እንዲሁ ነው፤ አትሳቡ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ራጅ ስትነሳ ክሩ ራሱ አልታየም፤ ሻኩራዎቹ ግን ሦስት ነጭ ነጥብ ሆነው ተደርድረው ታዩ። እንዲህ ያለ ርካሽ ብረት ውስጥ ዚንክ ወይም እርሳስ ሊኖር ይችላል። ዚንክ በጨጓራ አሲድ ሲሟሟ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፤ ስለዚህ ክሩ ባይቆርጣት እንኳ ብረቱ ሊመርዛት ይችል ነበር። ሆዷ ተከፍቶ አንጀቷ ሁለት ቦታ ተቀዶ ወጣላት። 11,000 ብር ከፈልኩ። አሁን ትበላለች፣ መስኮት ላይም መዝለል ጀምራለች፤ ሆዷ ላይ የተላጨው ፀጉር ግን ገና አልበቀለም። እኔ በሰዓቱ ሐኪም ስላገኘሁ ነው። እናንተ ሐኪም ብታጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ላይ እንዳለ አትርሱ፤ የከብት ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ።

ለሻጮቹ ሁሉንም ጻፍኩላቸው፣ የራጁንም ፎቶ ላክሁ። በመጀመሪያ «ውዴ በጣም አዝነናል» አሉ። ብሬን መልሱልኝ ስል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሉ። የመጠለያውን ስም ስጠይቅ «በቅርቡ እንለጥፋለን» አሉ። ሁለተኛ ስጠይቅ ዘጉኝ፤ ከመዝጋታቸው በፊትም የተጻጻፍነውን ከእኔም ስልክ ላይ አጥፍተውታል። ቴሌግራም ይህን ያስደርጋል፤ ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ስትገዙ ማስታወቂያውንም፣ ዋጋውንም፣ የገቡትንም ቃል ገና ሲጻፍ ስክሪንሾት አንሱ። የቡችላውን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ በፎቶ ስፈልገው የውጭ አገር ሰዎች የለጠፉት ሆኖ አገኘሁት፤ ከኋላው በረዶ አለ። እነሱ በረዶውን ቆርጠው ቀሚስ ቀጥለውበታል።

ከተማችን ውስጥ የቆሰለ ውሻ አንስተው፣ ከደመወዛቸው አሳክመው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትበው፣ አምክነው ሰው ቤት የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ያ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውንም ውሻንም ከሞላ ጎደል የማይምር ነው፤ ስለዚህ አንድ ክትባት የሠፈሩን ልጅ ሁሉ መጠበቅ ማለት ነው። «10 በመቶ» የሚሉት ብር ለእነዚህ ሰዎች ደርሶ ቢሆን በቀሚሱ መታለሌን ችዬ ዝም እል ነበር። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ስታዩ የመጠለያውን ስም ጠይቁና ራሳችሁ ወደ መጠለያው ደውሉ፣ ከዚህ ሻጭ ምን እንደተቀበሉ ይንገሯችሁ። መስጠት ከፈለጋችሁ ደግሞ በቀጥታ ስጡ፣ በቀሚስ በኩል አትዙሩ።

ሕጉ አለ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፣ ሐሰተኛ ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ነጋዴውንም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ አቤት ስል ግን መጀመሪያ የተጠየቅሁት ደረሰኝና የሻጩ ንግድ ፈቃድ ነው። በእጄ የነበረው ለአንድ ግለሰብ ብር መላኬን የሚያሳይ ወረቀት ብቻ ነበር። ማመልከቻዬን ተቀብለውኛል፤ እየተከታተልኩ ነው። በተመሳሳይ መንገድ የገዛችሁ ካላችሁ የባንክ ማስተላለፊያችሁንና ዕቃውን ይዛችሁ እናንተም አመልክቱ። ቀሚሱን አትጣሉት፣ ማስረጃ ነው። ሻርፑን ግን ዛሬውኑ እንስሳም ሕፃንም የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት።

ትናንት ማታ ያው ፎቶ በሌላ የቻናል ስም ተለጥፎ አየሁት። ዋጋው ወደ 8,900 ወርዷል፣ ቀሚሱ አረንጓዴ ሆኗል፣ «10 በመቶ» የነበረውም «15 በመቶ» ሆኗል። ቡችላው ያው ነው፤ ቀይ መሀረብ፣ ግራ ጆሮው ታጥፏል፣ ከቀሚሱ ጫፍ ሥር ተኝቷል። እሱን ካያችሁ ብር አትላኩ፤ የቻናሉን ስም ከታች ጻፉልኝ፣ ማመልከቻዬ ላይ አስጨምረዋለሁ።