የፎርድ ሩዥ ፋብሪካ ጉብኝት በኤርጎኖሚክስ ባለሙያ ዓይን

ለኤርጎኖሚክስና ለሂውማን ፋክተርስ ባለሙያ፣ ማለትም ሥራን ከሰው አካልና አቅም ጋር የማስማማት ባለሙያ፣ ጥሩ የሥራ ቦታ ጉብኝት ማግኘት ከባድ ነው። ፋብሪካዎች የውጭ ሰው መስመራቸው አጠገብ ቆሞ ሠራተኛ ሲመለከት ደስ አይላቸውም። የሚፈቅዱትም ቢሆኑ ደብዳቤ፣ የሚስጥር ስምምነት ፊርማና ረጅም ቀጠሮ ይጠይቃሉ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ዲርቦርን ከተማ ያለው የፎርድ ሩዥ ጉብኝት ልዩ የሚያደርገው ይህን ሁሉ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ትኬት የቆረጠ ማንም ሰው ኤፍ-150 ፒካፕ ሲገጣጠም ከላይ ሆኖ፣ ማንም ሳያጣድፈው ማየት ይችላል። የተሰናዳው ለቤተሰብና ለተማሪ ቢሆንም፣ ምን እንደሚፈልግ አውቆ የሄደ ባለሙያ ብዙ ያገኝበታል። ሳይዘጋጅ የሄደ ግን ተደስቶ ይመለሳል እንጂ ማስታወሻው ላይ የሚረባ ነገር አይኖርም።

ጉብኝቱን የሚያካሂደው «ዘ ሄንሪ ፎርድ» የሚባለው የሙዚየም ተቋም ነው። በራስ መኪና ፋብሪካው በር ድረስ መሄድ የለም፤ መኪናዎን ሙዚየሙ ዘንድ አቁመው በአውቶቡስ ይወሰዳሉ። እዚያ ከደረሱ በኋላ ሁለት የፊልም አዳራሾች፣ አንድ ከፍ ያለ መመልከቻ፣ የመገጣጠሚያው የእግር ጉዞና የቆዩ መኪኖች ማሳያ ይጠብቁዎታል።

ከሁለቱ አዳራሾች የመጀመሪያው ስለ ሩዥ ታሪክ ነው፤ እሱን አይዝለሉት። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1917 ተጀምሮ በ1928 ተጠናቀቀ፤ በ1930ዎቹ ከ100,000 በላይ ሰው ይሠራበት ነበር። በግንቦት 1937 የሠራተኛ ማኅበር አደራጆች የተደበደቡት እዚሁ ግቢ በር ላይ ባለው መሸጋገሪያ ድልድይ ላይ ሲሆን፣ ኩባንያው ከማኅበሩ ጋር የመጀመሪያውን ውል የፈረመው በ1941 ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት ትልልቅ ቅሬታዎች አንዱ የመስመሩ ፍጥነት ነበር። ዛሬ የዙር ጊዜ (ሠራተኛው አንድ ሥራ ጀምሮ እንደገና እስኪደግመው የሚወስድበት ጊዜ) ብለን በሰዓት የምንለካው ነገር መጀመሪያ በድብድብና በድርድር የተገኘ መብት መሆኑን ሳያስቡ ወደ መስመሩ መሄድ ጎደሎ ነው። ሁለተኛው አዳራሽ የመብራትና የሮቦት ትርኢት ነው፤ ያምራል፣ ለሥራችን ግን ብዙም አይጨምርም። 80 ጫማ ከፍታ ላይ ካለው መመልከቻ ዕፅዋት የበቀሉበትን የ10.4 ኤከር አረንጓዴ ጣሪያ ያያሉ። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ጊዜዎን ለእግር ጉዞው ይቆጥቡ።

የእግር ጉዞው ከመገጣጠሚያው ወለል በላይ በተዘረጋ መተላለፊያ ላይ የሚደረግ ነው፤ ርዝመቱ የአንድ ማይል ሲሶ፣ ማለትም 530 ሜትር ገደማ ይሆናል። መሪ ከፊትዎ እየሄደ አይጎትትዎትም፤ አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቆሙ የሚከለክልዎት የለም። የጉብኝቱ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው። በኮንፈረንስ ጊዜ በሚዘጋጁ ጉብኝቶች አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ሰው አንድ ላይ ይነዳል፤ አንድ ሥራ ሦስት ዙር ሳይታይ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

መጀመሪያ ዓይንዎን የሚይዘው መድረኩ ነው። ፒካፑ የተቀመጠው በሰፊ ተንቀሳቃሽ መድረክ ላይ ሲሆን ሠራተኛውም አብሮ ቆሞበት ይጓዛል፤ መኪናው እንደ ሥራው ዓይነት ከፍ ወይም ዝቅ ይደረጋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ በቆመ ወለል ላይ የሚሠራ ሰው እጁ ሥራ ላይ ሆኖ እግሩ በጎን መራመድ አለበት፤ እዚህ ግን ያለበት ቆሞ ይሠራል። ጉዳቱም መታየት አለበት። ዕቃ ለማምጣት ከመድረኩ ወርዶ የሚመለስ ሠራተኛ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ከሚንቀሳቀስ ወለል ወደማይንቀሳቀስ ወለል ይሻገራል። አንድ ሠራተኛ መርጠው በአሥር ዙር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደወረደ ይቁጠሩ፤ ከዚያ የዕቃ መደርደሪያው የት ቢቀመጥ ይሻል እንደነበር እዚያው ይገባዎታል።

ቀጥሎ በሮቹን ይመልከቱ። ከቀለም በኋላ በሮቹ ተነቅለው በሌላ መስመር ይሞላሉ፤ ወደ መኪናው የሚመለሱት መጨረሻ ላይ ነው። በር የሌለው መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ፣ መቀመጫና ሽቦ የሚገጥም ሰው ወደ ውስጥ ለመግባት በበር ዙሪያ መጠማዘዝ የለበትም። እንዲያም ሆኖ የጎኑ ደፍ ላይ ተደግፎ ወደ ወለሉ የሚዘረጋ ሠራተኛ ካዩ ልብ ይበሉ፦ አንድ እጁ ክብደቱን ተሸክሟል፣ ሥራውን የሚሠራው ሌላኛው ብቻ ነው።

በቅርብ ሊታይ የሚገባው ሌላው ነገር የብሎን ማጥበቂያው ነው። ዓይንዎን ብሎኑ ላይ ሳይሆን ክርኑ ላይ ይጣሉ። መሣሪያው የተወሰነለት ጥብቀት ላይ ደርሶ ሲቆም ጉልበቱ ወደ እጀታው ይመለሳል። ያንን የሚቀበል ሜካኒካል ክንድ ከመሣሪያው ጋር ከተገጠመ የሠራተኛው ክርን አይነቃነቅም። ካልተገጠመ ግን የእጅ አንጓው ወይም ትከሻው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሽቅብ ወይም ወደ ጎን ሲነጠር ያያሉ። ጡንቻው ተዘጋጅቶ ሳይጠብቅ የሚመጣ ጉልበት ስለሆነ ክንድ የሚጎዳው ይህ ነው። መሣሪያው ከላይ በሽቦ የተንጠለጠለ ከሆነ ደግሞ ሲለቁት ወዴት እንደሚሄድ ይከታተሉ። ከትከሻ በላይ የሚወጣ ከሆነ ሠራተኛው በእያንዳንዱ ዙር እጁን ሰቅሎ ሊያወርደው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የሚመለከቱት ከላይ ነው፤ ይህ አንዳንዱን መለኪያ ያበላሻል፣ አንዳንዱን ግን ከወለሉ በተሻለ ያሳያል። ብዙ ጎብኚ ባለሙያ ስህተት የሚሠራው ይህን ሳይለይ የሩላ ቅጽ (የሠራተኛን አቋም በማዕዘን ለክቶ የአደጋ ነጥብ የሚሰጥ ቅጽ) ይዞ መሙላት ሲጀምር ነው። ሩላ የክንድን ከፍታ በ20፣ በ45 እና በ90 ዲግሪ፣ የወገብን መጉበጥ ደግሞ በ20 እና በ60 ዲግሪ ይከፍላል፤ እነዚህ ማዕዘኖች በትክክል የሚነበቡት ከጎን ነው። ከእግርዎ ሥር ያለው ሠራተኛ 30 ዲግሪ ይጎንበስ ወይም 50 ዲግሪ፣ ከላይ ሲታይ ለመለየት ያስቸግራል። አንጓና አንገትማ በጭንቅላትና በትከሻ ይሸፈናሉ። ስለዚህ ለሩላ ከሥርዎ ያለውን አይምረጡ፤ ራቅ ያለውንና ጎኑን የሰጠዎትን ይምረጡ። ርቀቱ ሲጨምር የእይታዎ መስመር ይዘማል፣ ማዕዘኑም ይበልጥ ይታመናል። እርግጠኛ ካልሆኑ አንድ ነጥብ አይጻፉ፤ «ከ4 እስከ 6» ብለው ክልል ይጻፉ።

የናዮሽ (የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም) የማንሳት ቀመር፣ ማለትም ሰው ምን ያህል ክብደት ቢያነሳ እንደሚመከር የሚያሰላው ቀመር፣ ግን ተቃራኒው ነው። ቀመሩ ከ23 ኪሎ ይነሳና ጭነቱ ከሰውነት በራቀ ቁጥር ይቀንሳል፤ አግድም ርቀቱ የሚለካው በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች መካከል ካለው ነጥብ እስከ እጆች መካከል ነው። ይህ ርቀት ከየትኛውም አቅጣጫ ይልቅ በግልጽ የሚታየው በቀጥታ ከላይ ነው። መጠማዘዝም እንዲሁ፦ እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ፣ እጆቹ ወዴት እንደሄዱ አንድ ላይ ይታያል። ለመለኪያ የሠራተኛውን ጫማ ይጠቀሙ፤ የአዋቂ የሥራ ጫማ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጆቹ 50 ሴንቲ ሜትር ርቀው ከታዩ 23 ኪሎው የሚባዛበት የርቀት ማባዣ 25 ሲካፈል ለ50፣ ማለትም ግማሽ ነው፤ 23 ኪሎው ወደ 11.5 ይወርዳል። ሰውየው እግሩን ሳያንቀሳቅስ 90 ዲግሪ ከተጠማዘዘ የመጠማዘዝ ማባዣው 0.71 ስለሆነ 8.2 ኪሎ አካባቢ ይቀራል። ቁመቱና ድግግሞሹ ገና አልተነካም። የዕቃውን ክብደት ከላይ ማወቅ አይችሉም። ነገር ግን «እዚህ ቦታ ላይ ከ8 ኪሎ በላይ የሆነ ዕቃ ችግር ነው» ብሎ መናገር ራሱ ጥሩ ውጤት ነው።

ድግግሞሽን ለመለካትም ቦታው ምቹ ነው። መስመሩ በደቂቃ አንድ መኪና አካባቢ ስለሚያወጣ የአንድ ጣቢያ ሥራ ከሞላ ጎደል በዚያው ጊዜ ያልቃል። አሥር ተከታታይ ዙር በሰዓት ይያዙ። ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ በወጣው የታወቀ መስፈርት መሠረት አንድ ሥራ በጣም ተደጋጋሚ የሚባለው ዙሩ ከ30 ሰከንድ ካነሰ፣ ወይም ከዙሩ ከግማሽ በላይ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ከሆነ ነው። እዚህ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይረሳል። ዙሩ 56 ሰከንድ ሆኖ 30ው ሰከንድ ክሊፕ በአውራ ጣት መጫን ከሆነ፣ ዙሩ «ረጅም» ቢመስልም ሥራው ተደጋጋሚ ነው። ክሊፑ ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈልግ ከላይ አይለካም፤ ፍንጩ ግን አለ። ሠራተኛው በመዳፉ ጫፍ መምታት ከጀመረ ወይም ትከሻውን ከኋላው አድርጎ ከገፋ አውራ ጣቱ አልበቃውም ማለት ነው።

ንዝረት ፈጽሞ አይለካም። ድምፅ በከፊል ብቻ፦ መተላለፊያው ላይ የሚለካው የእርስዎን እንጂ የሠራተኛውን መጋለጥ አያሳይም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከ85 ዴሲቤል የመጋለጥ ገደብ ጋር አነጻጽረው መደምደሚያ አይስጡ። ናዮሽ ለአይፎን ያወጣው ነፃ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ቢኖርዎትም ስልክ ከማውጣትዎ በፊት እዚያ ያለውን የጉብኝቱን ሠራተኛ ይጠይቁ። በመገጣጠሚያው ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ ስለማይፈቀድ ወደ መስመሩ የተዘረጋ ስልክ ጥርጣሬ ያስነሳል። እርሳስ፣ ጠንካራ መደገፊያ ያለው ወረቀትና የእጅ ሰዓት ይበቃል። በጭረት የሚሳል የሰው ምስል ቀድመው ቢለማመዱ ይረዳዎታል።

አስጎብኚዎቹ ትሑትና አዋቂ ናቸው፤ የሰለጠኑት ግን ለአጠቃላይ ጎብኚ ነው። ስለ አሉሚኒየሙ አካል፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ሮቦቱ ይመልሳሉ። የፈረቃ መለዋወጫ ሥርዓቱን፣ የጉዳት መዝገቡን ወይም አንድ ጣቢያ ለምን እንደተለወጠ መጠየቅ ግን እነሱን ማስጨነቅ ነው። ኩባንያው በኤርጎኖሚክስ ላይ በይፋ የተናገረውን አስቀድመው ያንብቡ። ፎርድ በ2015 የሰውነት እንቅስቃሴ መቅረጫና ምናባዊ እውነታ ተጠቅሞ በአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳትን ከ2003 ወዲህ በ70 በመቶ እንደቀነሰ ገልጿል፤ በ2017 ደግሞ እጅ ወደ ላይ ሰቅሎ ለሚሠራ ሰው ክንድ የሚደግፍ የሚለበስ መሣሪያ በሁለት ፋብሪካዎች መሞከሩን አስታውቋል። ቁጥሩ የኩባንያው የራሱ ነው። እርስዎ ከላይ ሆነው ሊያዩ የሚችሉት ቀላሉን ነው፦ እጁን ከትከሻው በላይ ሰቅሎ የሚሠራ ሰው አሁንም አለ ወይ፣ ካለስ ከዙሩ ስንት ሰከንድ?

በቡድን የሚሄዱ ከሆነ አንድ ላይ አይቁሙ። ሦስት ሦስት ሆናችሁ አንድ ጣቢያ ተመድባችሁ፣ እርስ በርስ ሳትነጋገሩ ነጥብ ስጡና ከዚያ አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከሁለት ነጥብ ከበለጠ የእይታ ማዕዘናችሁ ተለያይቷል ማለት ነው፤ ቦታ ተቀያይራችሁ ድገሙት። ከሃዋሳ ወይም ከቦሌ ለሚ የልብስ ፋብሪካ ለሥልጠና የመጣ ባለሙያ ለዚህ ልምምድ በተለይ ይጠቀማል። ወደ ስፌት መስመሩ ሲመለስ ዙሩ ያጠረ፣ ሥራውም ተቀምጦ የሚሠራ ስለሚሆን፣ ዓይኑን ቀድሞ በትልልቅ እንቅስቃሴ ማሰልጠኑ ይረዳዋል። ከዲርቦርን በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ አን አርበር አለ፤ የሰውነት ጉልበት ማስያ የሆነው 3ዲኤስኤስፒፒ ሶፍትዌር የተሠራው እዚያው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። ቀን የሳሉትን አቋም ማታ በሶፍትዌሩ አስገብተው በታችኛው ወገብ ላይ ያለው ጫና ከ3,400 ኒውተን ገደብ ማለፍ አለማለፉን ማየት ይችላሉ።

ልምድ ላለው መርማሪ፣ ወለል ላይ ወርዶ መለኪያ የሚያስይዝና ከፋብሪካው ባለሙያ ጋር የሚያነጋግር ጉብኝት ከተገኘ ያኛው ይበልጣል። ለጀማሪ ግን ከሩዥ የተሻለ የዓይን ማሰልጠኛ ለመጠቆም ይከብዳል።

የሚያበላሸው ነገር ቢኖር ቀኑ ነው። ጉብኝቱ መስመሩ ባይሠራም ይካሄዳል፤ ቅዳሜ፣ በበዓላት ሰሞንና ፋብሪካው ለሞዴል ለውጥ በሚዘጋበት ሳምንት ጸጥ ያለ አዳራሽና የቆሙ መኪኖች ብቻ ሊያዩ ይችላሉ። በሥራ ቀንም ቢሆን በምሳና በእረፍት ሰዓት መስመሩ ይቆማል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ደውለው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በዚያ ቀን ምርት አለ ወይ፣ እረፍቱስ ስንት ሰዓት ላይ ነው? ከዚያ ወደ መተላለፊያው የሚገቡበትን ጊዜ እረፍቱ እንዳለቀ እንዲሆን ያድርጉ፤ ከፊትዎ ሁለት ሰዓት ገደማ ያልተቋረጠ ሥራ ይኖርዎታል።