ቤት ድረስ መጥቶ ለሚሠራው ፊዚዮቴራፒስታችን፦ ምስጋናም ጥቆማም

የነርቭ ሕመምተኛ ቤታችሁ ካለ ይቺን አንብቡልኝ።

ታላቅ ወንድሜን ክረምት ላይ ኃይለኛ ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ነበር። ተሽሎት ሥራ ከገባ በኋላ ሁለቱም እግሮቹ ይደነዝዙት ጀመር፤ ቀጥሎ ደረጃ መውጣት አቃተው፣ ከዚያ እጁም ዛለ። ሐኪሞቹ ጊላን ባሬ ሲንድረም ነው አሉን። ጉንፋኑን ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የገዛ ነርቮቹን ያጠቃል ማለት ነው። በዓመት ከ100,000 ሰው 1 ወይም 2 ቢይዝ ነው፤ ግን ወደ መተንፈሻ ጡንቻ ከደረሰ አያድርስ ነው። የእሱ፣ ተመስገን፣ እዚያ ሳይደርስ በኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም ተዘጋጅቶ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት) ታክሞ ወጣ። የወጣው ግን በዊልቸር ነው።

ይሄ ፊዚዮቴራፒስት ልጅ የመጣልን ያኔ ነው። ገና ሥራ ሳይጀምር «ጋሼ፣ እስቲ በአንድ ትንፋሽ ይቁጠሩልኝ» ይልና የደረሰበትን ቁጥር ይጽፋል። «ይሄ እየቀነሰ ከመጣ እኔን እንዳትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!» ብሎናል። ሕመሙ የደም ግፊትንም ስለሚያዛባ ተኝቶም ተቀምጦም ይለካዋል።

እኔን የገረመኝ ግን «ይበቃል» ማለቱ ነው። እናቴ ልጇ ዛሬውኑ ተነስቶ እንዲሄድላት ትፈልጋለች፤ እሱ ገና ላብ ጠብ ሳይል ያስቆማል። «እማማ፣ ዛሬ ካደከምናቸው ነገ የዛሬውንም አይችሉትም» ይላታል። ጎረቤቶች ወጌሻ ይየው ሲሉም አልተቆጣም፤ የወለቀም የተሰበረም እንደሌለ ቡናው እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። (ቡናውንም ሦስተኛ ድረስ ጠጣ።)

እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንዳይቀር የሌሊት መደገፊያ አሠራለት። እንዴት እንደምናገላብጠው፣ መገጣጠሚያዎቹን እንዴት እንደምናፍታታ ለእህቴ አሳያት። እሷ ስትለምደው ደግሞ «ለዚህ ለዚህ እኔ አላስፈልግም» ብሎ የሚመጣበትን ቀን ራሱ ቀነሰ። የገዛ ገቢውን እኮ ነው! እንዲህ የሚያደርግ ባለሙያ ስንት አለ?

መንገድ ሲዘጋጋ ያረፍዳል፣ እሱን ልደብቃችሁ አልችልም፤ ግን ደውሎ ይናገራል።

ወንድሜ አሁን በከዘራ ይሄዳል። ቶሎ መድከሙ አልለቀቀውም፣ ወራት ሊወስድ እንደሚችል ቀድሞ ነግሮናል።

ስሙን አደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ጠዋት ሆስፒታል ስለሚሠራ ከሰዓት በኋላ ደውሉለት። ከጉንፋን በኋላ ሁለት እግሩ እየዛለ ያለ ሰው ካላችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጋ፣ ያውም ዛሬ።