ስድስት ኪሎ ያለችው ኮፒ ቤትና የሳይቴሽን ፋይሌ

ለማዕረግ ዕድገት ፋይል ለምታዘጋጁ፣ በተለይ ሥራችሁ በ2 የትምህርት ዘርፍ ለተከፈለባችሁ ነው የምጽፈው። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስትወርዱ በሩ ላይ «ጽሕፈትና ኮፒ» ብቻ የተለጠፈበት ጠባብ ቤት አለ። ጥራዙና ፎቶ ኮፒው እንደ ሌላው ነው። እኔን ያስገረመኝ እዚያ የምትሠራው ልጅ የአንድን ምሁር የኅትመትና የሳይቴሽን፣ ማለትም ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱበትን መዝገብ የምታደራጅበት መንገድ ነው።

የእኔ ምርምር በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን በመታው የኅዳር በሽታ ላይ ነው፤ ዓለም የእስፓኝ ጉንፋን የሚለው፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው። ኅዳር ሲታጠን ያደግን ሁሉ ጭሱን እናውቀዋለን። በዚህ ጉዳይ ገሚሱን ለታሪክ፣ ገሚሱን ለሕክምና መጽሔቶች ጻፍኩ። ጣጣው የጀመረው ከዚህ ነው።

እዚያ ስሄድ የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላር ላይ 3 ሰው ነበርኩ። ስሜ በ«ፀ» ስለሚጀምር አንዱ መጽሔት በ«ቲ ኤስ»፣ ሌላው በ«ቲ ዜድ» ጽፎታል። የውጭዎቹ ደግሞ የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው የእኔን በ1 ፊደል አስቀርተውታል። ልጅቷ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ «ይሄ የእርስዎ ነው?» እያለች 17ቱንም ጽሑፎች አንድ በአንድ ከፈተች። አንዱ ላይ ቆመች። ስለ ጤፍ ማዳበሪያ ነው፤ ስሙ የእኔው፣ ከነአባቴ። 34 ሳይቴሽን አለው። «ይሄንንስ ላውጣው አይደል?» አለችና አወጣችው። ከዚያ በፊት የሄድኩበት ሌላ ቤት «ቁጥር ያሳድጋል፣ ይቆይ» ብሎኝ ነበር። የሰው ድካም በስሜ ተመዝግቦ ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ ምን እሆን ነበር?

ቀጥላ ኦርኪድ አስከፈተችኝ፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመራማሪ በነጻ የሚሰጠው ባለ16 አኃዝ መለያ ነው። የስሜ አጻጻፎች ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር ገቡ።

ዋናው ግን ሠንጠረዡ ነው። ብዙ ቦታ ድምሩንና ኤች ኢንዴክሱን አትመው ይሸኟችኋል። የእኔ 6 ነው፤ 6 ጽሑፎቼ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 6 ጊዜ ተጠቅሰዋል ማለት ነው። እሷ በዘርፍ ለየችው፤ በሕክምና 5፣ በታሪክ 3። 3 ዓመት ከማኅደር ሳልወጣ የጻፍኩት ባለ40 ገጹ የታሪክ ጽሑፍ 9 ሳይቴሽን አለው። ከ6 ባልደረቦች ጋር ለሕክምና መጽሔት የጻፍነው 4 ገጽ ደግሞ 72፣ አብዛኛውም ኮቪድ ከገባ ወዲህ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ የታሪኩ ከንቱ ይመስላል፤ አይደለም። ሕክምና ውስጥ ጸሐፊው ብዙ ነው፣ ቶሎ ይጠቃቀሳል። የታሪክ ጽሑፍን ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት መጻሕፍት ናቸው፣ እነሱን ደግሞ እነዚህ መዝገቦች በወጉ አይዟቸውም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኅዳር በሽታ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጡትን እኔ ዛሬም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የአንድ መጽሔት ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚለካው ኢምፓክት ፋክተር ግን በተለመደው ስሌት ያለፉትን 2 ዓመታት ኅትመት ብቻ ነው የሚያየው። ኤች ኢንዴክስን በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፊዚክስ ሊቅ ሂርሽ ራሱ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ኤች ኢንዴክስ ከፊዚክሶቹ ከፍ እንደሚል ጽፏል። ይህን ነግሬያት በ1 ገጽ ማብራሪያ አድርጋ ከሠንጠረዡ ፊት አስገባችው።

በአማርኛ ያሳተምኳቸውን 2 ጽሑፎች ፍለጋው ጭራሽ አያገኛቸውም። በእጇ መዝግባ የመጽሔቱን ሽፋንና ማውጫ ስካን አድርጋ አያያዘች። እዚህ ላይ ግን ስህተት ሠርታለች፤ 2009 ዓ.ም.ን እ.ኤ.አ. ብላ ስለጻፈችው ጽሑፉ 7 ዓመት አርጅቶ ነበር። ዓመተ ምሕረቶቹን ራሳችሁ እዩ።

900 ብር ከፍያለሁ። በ3 ቀን ይደርሳል ተብሎ 6 ቀን ፈጀ፤ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ፕሪንተሩም 1 ብቻ ነው። የይለፍ ቃል አትጠይቅም፣ ኪቦርዱን ወደ እናንተ ገፍታ ፊቷን ታዞራለች። ጽሑፎቻችሁን በፍላሽ ያዙ፣ የአማርኛዎቹን ዋና ቅጂ አትርሱ፤ ከ4 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ወረፋ የለም።