አሮጌውን ሳልሸጥ አዲሱን የነዳሁባቸው 11 ወራት

አዲሱን መኪና በገዛሁ ሰሞን አሮጌውን ልሸጠው ነበር። «እስቲ አንድ ወር ልያቸው» ብዬ አቆየሁት። አንዱ ወር 11 ሆነ። ዛሬም ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱንም እነዳለሁ። ሁለቱም በአራቱም ጎማ መጎተት የሚችሉ ናቸው። አዲሱ በእጄ 14,600 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ አሮጌው በዚሁ ጊዜ 5,200። የአዲሱ ጉዞ አብዛኛው አስፋልት ነው። የአሮጌው ከግማሽ በላይ ኮረኮንችና ከዚያ የባሰ ነው። «የትኛው ይሻላል?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፍ።

አሮጌው በፈረንጆች 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጆች ናቸው)። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር፣ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ፣ ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት) እና ባሌስትራ። የፊት ጎማዎቹ እንዲጎትቱ ወርዶ የቸርኬውን መሃል በእጅ ማዞር ይጠይቃል። አዲሱ ቱርቦ ናፍጣ ነው፣ አውቶማቲክ። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከኋላ ወጥ አክስል ከጥቅል ሞላ ጋር። ሻንሲም (ቦዲው የሚቀመጥበት የብረት አጽም) ሪዶታም (ለከባድ መንገድ ጉልበት የሚጨምረው ዝቅተኛ ማርሽ) ሁለቱም አላቸው። የዲፈረንሻል ሎክ ግን አንዳቸውም የላቸውም፤ ዲፈረንሻል ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ነው፣ ሎኩ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች አብረው እንዲዞሩ የሚቆልፈው። አዲሱ በሱ ፈንታ የሚንሸራተተውን ጎማ በፍሬን እየያዘ ኃይሉን ወደ ሌላው የሚልክ ኤሌክትሮኒክስ ተገጥሞለታል። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። የፋብሪካዎቹን ስም የማልጠራው ሆን ብዬ ነው። በአንድ በአንድ መኪና ልምድ በፋብሪካ ላይ መፍረድ ልክ አይመስለኝም።

ሐቁን በመጀመሪያ ልናገር። አዲሱ አሮጌው እምቢ ያለውን ዳገት ወጥቷል።

ጎርፍ የበላው ዳገት ነው። ጉድጓዶቹ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ አንዱ በቀኝ፣ ቀጥሎ ያለው በግራ። እንዲህ ያለ ቦታ ስትገቡ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ ጎማ አየር ላይ ይቀራሉ። ሎክ የሌለው ዲፈረንሻል ደግሞ ኃይሉን የሚልከው ቀላል ወደሆነለት ጎማ ነው። አየር ላይ ያለው ይሽከረከራል፣ መሬት የረገጠው ዝም ይላል። በአሮጌው እዚያ ቆሜ ድንጋይ ስደረድር 40 ደቂቃ አልፎኛል። በአዲሱ ስደርስ ከሥር «ጉርርር» የሚል ድምፅ መጣ። ደንግጬ እግሬን ከነዳጅ ላነሳ ስል ጎኔ የነበረው ጓደኛዬ «እንዳትለቀው!» አለኝ። ልክ ነበር። ድምፁ ፍሬኑ ሥራውን ሲሠራ ነው፤ ሥራውን እንዲሠራ ደግሞ ጎማው መሽከርከር አለበት። እግሬን ባለበት አጸናሁ። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ። መኪናው እንደ በሬ ከፍ አለና ወጣ።

ሌላው የወደድኩት የፊት ካሜራውን ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ኮፈኑ ቀና ብሎ የሚታያችሁ ሰማይ ብቻ ነው። ከጫፉ ወዲያ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፍ ወይ ገደል ይሁን አታውቁም። አሁን ስክሪኑ ላይ ከጎማው ፊት ያለውን ድንጋይ ሳይቀር አያለሁ። በአሮጌው ሰው ወርዶ በእጁ ይመራኛል። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

አስፋልት ላይ ማወዳደሩም ተገቢ አይደለም። አሮጌው በ90 ሲሄድ ጎን ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ አለባችሁ። ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዙ ትንሽ ወደ ግራ ይስባል። ኤርባግ የለውም፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የለውም። ረጅም የሌሊት ጉዞ ከልጆቼ ጋር ካለብኝ ሳላመነታ አዲሱን እወስዳለሁ። የነዳጅ ፍጆታውም በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ነው፤ አሮጌው ወደ 13 ይጠጋል።

ድንጋያማ መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወጥ አክስል አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ዲፈረንሻሉን ይዞት ይነሳል። ስለዚህ ከሥሩ ያለው ክፍተት ብዙም አይቀንስም። አንዱ ጎማ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ይጫናል፣ መሬት ይቆነጥጣል። ለየብቻ በሚንቀሳቀሱ ጎማዎች ግን ጎማው ወደ ቦዲው ሲገባ ሆዱ ወደ መሬት ይቀርባል። አሮጌው በሰላም ያለፈበት ቦታ ላይ የአዲሱን የሆድ ብረት ሦስት ጊዜ ድንጋይ ፍቆታል። በተቃራኒው አሸዋማና ሞገዳማ ፒስታ (ጥርጊያ መንገድ) ላይ በ60 ስትሄዱ አዲሱ ይንሳፈፋል፤ አሮጌው ኩርባ ላይ ኋላው ወደ ጎን ይዘላል።

ቁልቁለትም እንዲሁ ነው። አዲሱ ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱን ራሱ የሚይዝ ሲስተም አለው፤ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ግን የሚይዘው በፍሬን ነው። አንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ የፍሬን ሸራ ሽታ ካቢኑ ድረስ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሪዶታ አስገብቼ፣ ማርሹን በእጅ አንደኛ ላይ አድርጌ፣ ሞተሩ እንዲይዘኝ አደርጋለሁ። ይህን ያስተማረኝ አሮጌው ነው። በሪዶታ አንደኛ ማርሽ እግራችሁን ከፔዳል ሁሉ ብታነሱም በእግር በሚሄድ ሰው ፍጥነት ይወርዳል፤ ዳገቱንም በዚያው ፍጥነት ይወጣል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ኤሌክትሮኒክስ ልመለስ። ስምንተኛው ወር ላይ ዝናብ ሲዘንብ ዳሽቦርዱ ላይ አራት መብራት አንዴ በራ። የኤቢኤስ፣ የመንሸራተት መከላከያው፣ የቁልቁለቱ፣ አንድ ሌላ ደግሞ። ሞተሩ ደህና ነው፣ ይሄዳል። ያው ጎርፍ የበላው ዳገት ጋ ስደርስ ግን ያ «ጉርርር» አልመጣም። ሁለት ጎማ አየር ላይ እየተሽከረከረ ቆምኩ። በጓደኛዬ መኪና በገመድ ተጎትቼ ወጣሁ። ጋራዥ ውስጥ በኮምፒውተር ሲታይ የፊት ግራ ጎማ የፍጥነት ሴንሰር ነው። ከጭድ ብዙም የማትወፍር ገመድ ከመያዣዋ ወጥታ ጎማው ፈትጎ በልቷታል። አራቱም ሲስተሞች የጎማውን ፍጥነት የሚያውቁት በዚያች ሴንሰር ስለሆነ እሷ ስትጠፋ አብረው ጠፉ። ያን ዳገት ያወጣኝ ችሎታ በሙሉ በአንዲት ቀጭን ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

የአዲሱ የጭስ ማጣሪያም ትዕግስት ይፈልጋል። ጥላሸቱን የሚያቃጥለው ጭሱ 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። አራት ቀን በሪዶታ ስንፏቀቅ ሙቀቱ እዚያ አልደረሰም፤ መብራቱ በራ። አስፋልት ላይ ወጥቼ 25 ደቂቃ በደህና ፍጥነት ስነዳ ጠፋ። ናፍጣውም ንጹሕ መሆን አለበት። ዘመናዊ ኢንጀክሽን (የናፍጣ መርጫ) እስከ 2,000 ባርና ከዚያ በላይ በሚደርስ ግፊት ነው የሚረጨው፤ የቆየው ዓይነት ግን ኖዝሉ (የመርጫው ጫፍ) በ150 ባር አካባቢ ይከፈታል። በአዲሱ ግፊት ትንሽ ውሃ ብዙ ያበላሻል። ስለዚህ በየወሩ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር በብርጭቆ እቀዳለሁ። ውሃ ካለ ከናፍጣው በታች ተለይቶ ይተኛል፣ በዓይን ይታያል።

አሮጌው አይበላሽም እንዴ? ይበላሻል፣ ከአዲሱም በበለጠ። በነዚህ 11 ወራት የጎማ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ የባሌስትራ ጎሚኒዎች ቀይሬለታለሁ። ልዩነቱ ያለው አበለሻሸቱ ላይ ነው። ኩሽኔታው ከመሄዱ ሁለት ሳምንት በፊት ኩርባ ላይ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። ክሪክ አስገብቼ ጎማውን በሁለት እጄ ስነቀንቀው እጄ ላይ ተሰማኝ።

አንድ ማታ ግን ሳያስጠነቅቅ ዳገት ላይ ሁለቴ ተንገጫግጮ ጠፋ። ቁልፍ ስሰጠው ሞተሩ በደንብ ይዞራል፤ አይነሳም። ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው። ናፍጣም አለ። የእጅ ባትሪ ይዤ ከታንከሩ ጀምሮ ቱቦውን በጣቴ እየዳበስኩ መጣሁ። ፊልትሮው (የናፍጣ ማጣሪያው) ጋ መታጠፊያው ላይ ጎማው ተሰነጣጥቋል፤ ጣቴ ረጥቦ ወጣ። እዚያ ጋ አየር እየሳበ ነው። የተሰነጠቀውን ጫፍ በቢላ ቆርጬ ቀሪውን መልሼ ሰካሁና በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ) አጠበቅኩት። ከዚያ ፊልትሮው ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ ቡሎን በ10 ቁልፍ ላላ አድርጌ የእጅ ፖምፓውን መጫን ጀመርኩ። መጀመሪያ አረፋ ብቻ ወጣ። ቀጥሎ አረፋና ናፍጣ። አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ ጣቴ ላይ ሲፈስ ቡሎኗን አጠበቅኩ። ቁልፍ ሰጠሁት። ትንሽ አንገራገረና ተነሳ። 25 ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። እጄ እስከ ማግስቱ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ፤ ደስታዬን ግን መግለጽ አልችልም።

የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚወዱት ይህንን ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ግን «የድሮ ብረት ይጠነክራል» እያሉ ይከራከራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ላንድ ሮቨር በ1948 ሲወጣ ቦዲው አሉሚኒየም የሆነው ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበር ነው፤ የመጠንከር ጉዳይ አልነበረም። የ1941ዱ ዊሊስ ጂፕም ቀላል የሆነው በብዛትና በፍጥነት መሠራት፣ ሜዳ ላይም መጠገን ስለነበረበት ነው። ሰዎቹ የሚወዱት ነገሩን ገብቷቸው፣ በእጃቸው ባለ ቁልፍ ፈትተው ማስነሳት መቻላቸውን ነው። የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 በ1984 ወጥቶ ዛሬም ከፋብሪካ አዲስ የሚሸጠው ገዢ ስላላጣ ነው። የጂፕ ራንግለርና የሱዙኪ ጂምኒ ዛሬም ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስል አላቸው። የኢኒዮስ ግሬናዲየር ደግሞ ጭራሽ በ2022 አዲስ ሆኖ መመረት ሲጀምር ወጥ አክስልና ሻንሲ ይዞ ነው የመጣው።

ሌላው ወገን ደግሞ በ2019 አዲሱ የላንድ ሮቨር ዲፌንደር ይፋ ሲሆን «ሻንሲ የለውም፣ ዲፌንደር አይባልም» ብሎ የተበሳጨው ነው። ብስጭቱ ይገባኛል፤ የድሮው እስከ 2016 ተመርቶ ቆመ፣ ሰው ያዝናል። ግን አዲሱ 900 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይሻገራል፤ የድሮው የተፈቀደለት 500 ነበር። ችሎታ ጠፋ ማለት አይቻልም። የተቀየረው ችሎታው ያለበት ቦታ ነው። ድሮ ግማሹ ሾፌሩ ላይ ነበር።

ይህን በራሴ አይቻለሁ። ስድስት ወር አዲሱን አብዝቼ ነድቼ ወደ አሮጌው ስመለስ መንገድ ወርዶ ማየት ትቼ ነበር። ድሮ መጥፎ ቦታ ስደርስ እወርዳለሁ፣ በእግሬ ሄጄ አያለሁ፣ የቱ ጎማ በየት እንደሚያልፍ ወስኜ እመለሳለሁ። በአዲሱ ሲስተሙ ይሸፍንልኛል ብዬ ዝም ብዬ መግባት ለመድኩ። አሁን በሁለቱም እወርዳለሁ።

ጎማን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። በየትኛውም መኪና ላይ አሸዋ ስትገቡ ንፋስ ቀንሱ። ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ ሳወርደው ጎማው ረዘም ብሎ ይተኛል፤ ከማንኛውም ሲስተም በላይ ሠርቶልኛል። መሙያ ኮምፕሬሰር ግን ሳትይዙ አትቀንሱ።

አንድ መኪና ብቻ ያዝ ብባል አዲሱን ነው የምይዘው፣ ለልጆቼ ስል። ግን የኋላ ዲፈረንሻሉ በሜካኒካል መንገድ የሚቆለፍ ዓይነት እፈልግ ነበር። ሎክ ሲገባ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ይዞራሉ፤ የጎማ ሴንሰር ቢበላሽም በጥርስ የተያያዘው ብረት አይለያይም። መኪና የሚገዛ ሰው ከስክሪኑና ከወንበሩ ቆዳ በፊት ከፋብሪካ ሎክ አለው ወይ ብሎ ይጠይቅ እላለሁ። ቸርኬውም ትልቅ ባይሆን ይመረጣል፤ ጎማው ወፈር ብሎ ድንጋዩን እንዲችል።

አሮጌውን ደግሞ አልሸጥም። ከዚያ ማታ በኋላ የናፍጣ ቱቦውን በሙሉ በአዲስ ቀየርኩለት። ትርፍ አንድ ክንድ የሚሆን ቱቦ ቀረኝ። በቢላ በርዝመቱ ሰንጥቄ የአዲሱን የፊት ግራ ሴንሰር ገመድ አለበስኩበት፤ ከጎማው አርቄም በሁለት ቦታ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ 3,100 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ትናንት ወርጄ አየሁት፤ ጭቃ ለብሷል እንጂ አልተነካም።