“ያስቃል” ተብዬ የገባሁበት ፊልም

ከሲኒማ ቤት ከወጣሁ አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው፤ ለነገ ካልኩ አፍሬ እተወዋለሁ።

ፖስተሩን አይታችሁት ይሆናል። ሮዝ ቀለም፣ አንድ ጃንጥላ፣ ሁለት ሳቂታ ፊቶች። ትኬት ቆራጮቹንም ታውቋቸዋላችሁ፣ ከስልካቸው ቀና አይሉም። ከእጮኛዬ ጋር ሳምንት ሙሉ ተኳርፈን ገና መታረቃችን ስለነበር መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብዬ “ወንድሜ፣ ይሄ ፊልም ለጥንዶች ይሆናል?” አልኩት። እኔን አላየኝም። እሷን አየት አደረገና “ሮማንቲክ ኮሜዲ ነው፣ ያስቃል” አለ። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ አፏን በእጇ ሸፈነች። አይቻታለሁ እኮ! እያየኋት ትኬቱን ተቀበልኩ። ፖስተሩ ጥግ ላይ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል “ዳርክ ኮሜዲ” (በሞትና በመከራ የሚቀልድ ፊልም ማለት ነው) መባሉን ያነበብኩት ስወጣ ነው። ጅል!

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ግማሽ አሪፍ ነው። ያገባቻቸው ወንዶች ሁሉ የሚሞቱባት ሴትዮ አለች፣ ይህን እያወቀ የሚያፈቅራት የሬሳ ሳጥን ሠሪ አለ። የመጀመሪያ ቀጠሯቸው ላይ የራሱን ቁመት በሜትር እየለካ ስለ ዝናቡ ያወራታል። እሷ ፊቷ ንቅንቅ አይልም። እዚህ ጋ እንባዬ እስኪፈስ ነው የሳቅኩት።

ከዚያ በኋላ ግን ሰው ይሞታል፣ ደስ የሚል ሙዚቃ ይገባል፣ ሌላ ሰው ይሞታል፣ ያው ሙዚቃ ይደገማል። ለሞተው የሚያዝን አንድ ሰው እንኳ የለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውን “ሃሮልድ ኤንድ ሞድ” የተባለ ፊልም ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። እዚያ ልጁ እናቱ ፊት የውሸት ሞት ሲሞት እንስቃለን፣ እውነተኛው ሞት ሲመጣ ግን አንጀት ይበላል። እዚህ ምንም አያምም፤ ስለማያምም ትንሽ ቆይቶ ሳቁም ጠፋ። ገጸ ባሕርያቱም ሰው መሆናቸው ቀርቶ አመል ብቻ ሆኑ።

መጨረሻውን አልናገርም ልል ነበር፣ ግን ለማን ብዬ? ሴትዮዋ ሰውዬውን ራሱ በሠራው ሳጥን ቀብራ፣ ለሚቀጥለው ባል ፀጉሯን ስታበጥር ያልቃል። መብራቱ ሲበራ እጮኛዬ እጇን ከእጄ አወጣች።

ስንወጣ ትኬት ቆራጩ ልጅ እዚያው ነው። “ገንዘቤን መልስ አልልህም፣ ግን ለምን ዋሸኸኝ?” አልኩት። አሁን ቀና ብሎ አየኝ። “ወንድሜ፣ ፍቅር አለው፣ ሳቅ አለው። ሰው አይሞትም ብዬሃለሁ?” ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። ሙድ ያዘብኝ! ይበልጥ ያቃጠለኝ ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው፣ አላለኝም።

ቀልዶቹን በሙሉ ትሬይለሩ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ፣ 2 ደቂቃ ተኩል ነው፣ በነጻ። የግድ ካላችሁ ብቻችሁን ግቡና እኩሌታው ላይ ውጡ።

ይህን እየጻፍኩ ሁለት ጊዜ ደወልኩላት። አታነሳም።