«ለጋ ነው፣ አይጎመዝዝም» ለሚባለው አይብ ከመክፈላችሁ በፊት

አይብ የማይወድ ባለቤት ያላችሁ፣ በደብረ ብርሃን፣ በጫጫ፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት የምትገዙ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ጉልት ላይ ቆማችሁ «ቤት ውስጥ ጎምዛዛ የማይወድ ሰው አለ፣ የማይጎመዝዝ አይብ አለሽ?» ስትሉ ዋጋው ከፍ ሊልባችሁ ይችላል፣ የሚሰጣችሁ አይብ ግን የተሻለ ላይሆን ይችላል። አጓቱ ያልወጣለት፣ ወይም አድሮ በሙቅ ውሃ የታጠበ፣ ሲብስም ቤኪንግ ሶዳ የነካው ሊሆን ይችላል። በማለዳ የገፋችውን ይዛ የምትመጣ ሐቀኛ ገበሬ ሞልታለች፤ እሷን ከሌላው ለመለየት ግን ቃል አይበቃም፣ እጅና ምላስ ያስፈልጋል።

ከውሃው እንጀምር። በደንብ የተጠለለ አይብ እንኳ ከመቶ 79 ያህሉ ውሃ ነው። ፕሮቲኑ 15 ከመቶ ግድም ሲሆን ቅባቱ 2 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ትንሽ አጓት ቢቀርበት በዓይን የማይታወቀው። ሂሳቡ ግን ከባድ ነው፦ ውሃው ከ79 ወደ 85 ከመቶ ቢያድግ፣ በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ውሃ ያልሆነ ነገር ከ210 ግራም ወደ 150 ግራም ይወርዳል። ለምሳሌ ኪሎውን በ400 ብር ገዝታችሁ ቤት ስታጠልሉት 300 ግራም አጓት ቢወጣው፣ የእውነተኛው አይብ ኪሎ 571 ብር ሆነባችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ውሃ የያዘ አይብ ለስላሳ ስለሆነ «ለጋ» ይመስላል።

ስለዚህ ሳይመዘን ትንሽ አንስታችሁ በመዳፋችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጨብጡት። ጥሩ አይብ እጅን ያረጥባል፣ ሲለቁትም ቅርጹን ይይዛል፤ በጣቶች መካከል የሚንጠባጠብ ከሆነ ውሃ እየገዛችሁ ነው። ፌስታሉንም አዘንብሉትና አንዱን ማዕዘን ተመልከቱ፤ ቢጫ አረንጓዴ ፈሳሽ እዚያ ይጠራቀማል። «አጓቱን አፍስሽልኝና መዝኚው» ማለት መብታችሁ ነው፣ አትፈሩ። እምቢ ካለች ወደሚቀጥለው ጉልት እለፉ።

የታጠበውን መለየት ይከብዳል። ያደረ አይብ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ጉምዝዝነቱ ይቀንሳል፣ ግን ከአሲዱ ጋር ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል፣ አይቡን ከብልሽት የሚጠብቀውም ያው አሲድ ነበር። ስታኝኩት አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ወተት ወተት አይሸትም፣ በማግስቱም መዝለግለግ ሊጀምር ይችላል። ሶዳ የገባበት ደግሞ ሌላ ነው፦ ፍርፍሩ ይጠፋና ልስልስ ይላል፣ ምላስ ላይ ሳሙና ሳሙና ይላል። ብዙ ሰው ሎሚ ጠብ አድርጎ አረፋ ካላወጣ ሶዳ የለውም ይላል። ይህ አይበቃም። ሶዳው ከአይቡ አሲድ ጋር ተጨራርሶ ከሆነ አረፋ አይታይም፤ አረፋ ካወጣ ግን ጥያቄ የለውም። ከሎሚው ይልቅ ምላሳችሁን እመኑ።

ዱቄት መቀላቀሉን የምትጠረጥሩ ከሆነ አንድ ማንኪያ አይብ በትንሽ ውሃ አፍሉ፣ በደንብ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል አዮዲን ሁለት ሦስት ጠብታ ጣሉበት። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነ ስታርች አለበት። ትኩስ እያለ ከሞከራችሁት ቀለሙ ስለሚጠፋ ትሳሳታላችሁ።

ቀኑንም ቁጠሩ። ረቡዕና ዓርብ አብዛኛው ሰው ስለሚጾም አይብ ሳይሸጥ ያድራል። ሐሙስ ጠዋት «ዛሬ ነው» የተባላችሁት የማክሰኞ፣ ቅዳሜ ጠዋት የምታገኙትም የሐሙስ ሊሆን ይችላል። ትልቁ አደጋ በዐቢይ ጾም መጨረሻ ነው። በ55ቱ ቀን ላሟ መታለቧን አታቆምም፣ ወተቱ ይገፋል፣ ቅቤው ይቀመጣል፤ አይብ ግን እንደ ቅቤ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በትንሣኤ ዋዜማ የሚቀርበውን ክምር አይብ ሳትቀምሱ አትግዙ፣ የሚቀምሰው የማይጾም ሰው ከሌለ ደግሞ አሽትታችሁና ጨብጣችሁ ብቻ ወስኑ። ቦታም ይለያል። በደብረ ብርሃን ብርድ የሚቆይ አይብ በፌስታል ታስሮ በሚኒባስ ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድ ሙቀቱ በሰዓታት ውስጥ ያኮመጥጠዋል። ቆላ ያላችሁ፣ ደጋ የተሠራ አይብ ከምትገዙ እዚያው አሬራ ፈልጋችሁ ብትሠሩ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባለቤታችሁ የሚጠላው ምኑን እንደሆነ ጠይቁ። «አይብ አልወድም» የሚል ሰው አንድ ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል የሚጠላው፦ ጉምዝዝነቱን፣ የጭሱን ሽታ፣ ወይም ጥርስ ላይ የሚሰማውን ፍርፍር። የጭሱ ሽታ የሚመጣው እርጎ የሚገፋበት ቅል በወይራ ስለሚታጠን ነው፤ ይህን የሚጠላ ሰው የቱንም ያህል ለጋ አይብ ብታመጡለት አይበላም፣ ስለዚህ ባልታጠነ ዕቃ የተገፋ ጠይቁ። ፍርፍሩን የሚጠላ ደግሞ በብዛት የተቃጠለ አይብ ነው የቀመሰው፤ አሬራው በኃይለኛ እሳት ሲሞቅ አይቡ እንደ ጎማ ይጠነክራልና።

ራሳችሁ ብትሠሩት ከሁሉም ትድናላችሁ። የዚያኑ ቀን የተገፋ አሬራ 3 ሊትር ግዙ፤ ከ350 እስከ 400 ግራም አይብ ይወጣዋል። በሰፊ ድስት አድርጋችሁ በጣም አነስተኛ እሳት ላይ ጣዱት፣ አታማስሉት። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ጣት ቢነከር ያቃጥላል ሳይባል ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ የሚያስችል ሙቀት፣ ማለትም 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ አይቡ ከላይ ይረጋል፣ ከሥሩ አጓቱ ጠርቶ ይለያል። ያኔ አውርዱት። የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ማማሰል፣ ምክንያቱም አይቡ ደቆ ከአጓቱ ጋር ይፈሳል፤ እና ችኮላ፣ ምክንያቱም ሳይቀዘቅዝ ከተጠለለ ከጨርቁ ያመልጣል። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ነጠላ ቋጥራችሁ ሁለት ሰዓት አንጠልጥሉት። አሁንም ጎመዘዘ ካላችሁ በአንድ ሊትር ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ አንድ ጊዜ እጠቡትና እንደገና አጠልሉት። ይህ ነጋዴው ካጠበው የሚለየው አይቡ የዛሬ መሆኑ ነው፤ ግን በአንድ ቀን ይበላ። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ 50 ዲግሪ ሙቀት የጥሬ ወተትን ጀርም እንደማይገድል አስታውሱ። ለእሷ ከተፈላ ወተት በሎሚ መሥራት ነው፦ 2 ሊትር ወተት አፍልታችሁ አውርዱ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሲቋጠር አጠልሉ። ቅባቱ ስለማይወጣ ይለሰልሳል፣ የእርጎ ጉምዝዝነትም የለውም። ባለቤታችሁ ምናልባት የሚወደው እሱን ነው።

ሲቀርብ፣ ለ400 ግራም አይብ 2 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ንጥር ቅቤና ሩብ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ይበቃል። ትኩስ ቅቤ አታፍስሱበት፣ አይቡን ያጠነክረዋል። ጨውን መጨረሻ ላይ ብቻ አድርጉ፤ ቀድሞ ከገባ አጓት ያስወጣዋል። ባለቤታችሁ ጨርሶ የማይፈልግ ከሆነ በመሶቡ ላይ አይቡን እንጀራው ላይ አታድርጉት፣ አጓቱ በእንጀራው ሥር ሮጦ የእሱንም በኩል ያርሰዋል። ትንሽ ሳህን ላይ ለብቻው ይቀመጥ። ጎመን በአይብ የሚባለውም እንዲሁ ነው፣ ጎመኑን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ብቻ ቀላቅሉት።

«አይብ ካልወደደ ፒዛ ቺዝ ውሰዱለት» ስለሚለውም አንድ ነገር። ተፍቆ ስም በሌለው ፌስታል የሚሸጥ አትግዙ። መለያ ካለው ዝርዝሩን አንብቡ፤ የዘንባባ ዘይትና ስታርች ካለበት የወተት ቺዝ አይደለም። ቤት ውስጥ ደረቅ መጥበሻ ላይ ቆንጥራችሁ ሞክሩ፦ ጥሩው ሞዛሬላ ቀልጦ ይሳባል፣ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ጊዜ ሳይሳብ ዘይት ይተፋል። ፕሮቮሎኔ የሚባለው የጣሊያን ቺዝ ደግሞ ሲቆይ ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ሽታ ለሚጠላ ሰው ሞዛሬላው ይሻላል።

ገዝታችሁ ተሸውዳችሁ ከሆነ፣ ጎምዛዛ ብቻ የሆነውን ማዳን ይቻላል፣ ሳሙና የሚለውንና የሚዝለገለገውን ግን ወጥ ውስጥ ከትታችሁ አትደብቁት፣ ጣሉት። ከመጣላችሁ በፊት ግን ግማሹን ከነፌስታሉ አስቀሩ። ሸቀጥን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅሎ መሸጥ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ወደ ከተማችሁ ወይም ወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ አይቡን፣ የገዛችሁበትን ሰዓትና ቦታ፣ የከፈላችሁትን፣ ከተጠለለ በኋላ የቀረውን ክብደት ይዛችሁ ሂዱ። አይቡ ቶሎ ስለሚበላሽ የዚያኑ ቀን ይሁን።